በእናቴ ጀርባ ውስጥ የተነፋው ፊኛ

እናቴ ውኃ የሞላ ጄሪካን አነሣለሁ ስትል ከጀርባዋ አንዱ አጥንት ተደረመሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎብጣ ቀረች፤ ሰው ስታናግር እንኳ መሬት መሬት ታያለች። ወጌሻ ጀርባሽን ይሽልሽ ካሉት ሁሉ ጋር ተጣልቼ፣ ከወንድሜ ጋር ከአዳማ አዲስ አበባ ወሰድናት።

ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ የተጨፈለቀውን አጥንት አሳየን። እንዳስረዳን፣ በቀጭን ቱቦ ትንሽ ፊኛ አጥንቱ ውስጥ ያስገባል። ፊኛው በፈሳሽ ሲነፋ የወደቀው አጥንት ቀና ይላል። ከዚያ ፊኛውን አውጥቶ ክፍት የቀረውን ቦታ ለአጥንት በተሠራ ሲሚንቶ ይሞላዋል።

“ፊኛ? ልጆቹ የሚጫወቱበት?” አለች እናቴ። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ቦታውን ብቻ አደንዝዘው፣ በሆዷ አስተኝተው ሠሩላት። እሷ ውስጥ ሳለች ከዓለም ጤና ከተማ ለወንድሜ ስልክ ተደወለ። እዚያ የምትኖረው ሽንኩርት ነጋዴዋ አክስታችን፣ እናቴ “እትዬ” የምትላት ታላቅ እህቷ፣ ጠዋት ድንገት አርፋለች።

እናቴ ስትወጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጀርባዋ አልነበረም።

“እትዬ መጥታ ነበር እንዴ? ከውስጥ ቀና ያደረገኝ እጅ የእሷ ነው። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።”

ወንድሜ ፊቱን አዙሮ ወጣ። እኔ የሰጧት የሚያፈዝ ማስታገሻ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ አሁንም አላምንም።

ሐኪሙ ሲሸኘን ሌሎቹም አጥንቶቿ ሳስተዋል፣ ከወደቀች እንደገና ይሰበራሉ ብሎ አስጠነቀቀን። እናቴን ደግሞ ለቅሶ ላይ እናውቃታለን። አባታችን የሞተ ጊዜ ራሷን መሬት ላይ ስትጥል ሴቶቹ ተረባርበውም አልቻሏትም። ስለዚህ እስክትጠና ድረስ መርዶውን ደበቅናት። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው መርዶ መደበቅ ነውር አይደለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይተባበራል። ወንድሜ መቂ ሥራ አለኝ ብሎ ዓለም ጤና ሄዶ ቀበረ። የሰፈሩ ሴቶች ለቅሶ ደርሰው በመጡ ማግስት ቤታችን ተሰብስበው “እንኳን እግዜር ማረሽ” እያሉ ፈገግ አሉ። ጥርሳቸውን ባየሁ ቁጥር እበግን ነበር።

ስልኳንም ተበላሽቷል ብለን ወሰድንባት። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ደውላ በኦሮምኛ “አከም ቡልቴ” ብላ እንዴት እንዳደረች ሳትጠይቃት ቀርታ አታውቅም፤ ዝምታው እንዳያሳብቅብን ፈራን።

አንድ ቀን፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ በሩን ሲያንገጫግጭ፣ ልብስ ሳሰጣ ድምፅ ሰማሁ።

“ደህና ነኝ እትዬ። አንቺስ?”

ዝም ትላለች፣ ታዳምጣለች፣ ትመልሳለች። ቀርቤ በሩ ላይ ቆምኩ። ወንበሩን ሳትደገፍ፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ቀና ካለች ወዲህ ቁመናዋ ቁርጥ የሞተችውን አክስቴን ሆኗል፤ ከኋላ ሳያት ማን እንደሆነች ለአፍታ ጠፋኝ።

“ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ እማዬ?”

“ከእህቴ። ስልክ ስለወሰዳችሁብኝ የማናወራ መሰላችሁ?” ዞር ሳትል ቀጠለች። “ግቢ ብላት እምቢ አለች። ይኸው በሩ ላይ ቆማለች።”

በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ወደ ጎን ማየት አቃተኝ።

እሑድ ሴቶቹ እንደልማዳቸው ሊጠይቋት መጡ። ወሬያቸውን ሳይጀምሩ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

“ልጆቼ፣ በግራና በቀኝ ያዙኝ” አለች። “አጥብቃችሁ። ከያዛችሁኝ በኋላ ንገሩኝ።”

ወንድሜ ቀኙን፣ እኔ ግራውን ያዝን። ሴቶቹ አቀረቀሩ።

“እማዬ፣ አክስቴ አርፋለች” አልኩ።

ጮኸች። ክብደቷ ሁሉ ክንዴ ላይ መጣ። መሬቱን ፈልጋ ታገለችን፤ እኛ ደግሞ ጨክነን ያዝናት። ጀርባዋ ግን አልታጠፈም። እንደቆመች፣ ፊት ለፊት በሩን እያየች አለቀሰች።

“እትዬ” አለች፣ “ልወድቅልሽ እንኳ አልተውኝም።”