ከአንቺ በፊት ማን ታመመ?

ሰው ጡረታ ሲወጣ ጠበል ይሄዳል። የእኔ አጎት ግን እኔን ሊጠይቁ ሀርጌሳ መጥተው፣ አገር ቤት የተነሳው ጦርነት የመመለሻውን መንገድ ሲዘጋባቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው የኤፒዲሚዮሎጂ ማስተርስ ጀመሩ። በሽታ ከየት ተነስቶ እንዴት እንደሚዛመት የሚጠናበት ትምህርት ነው።

የሚያጠኑት እዚያው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር ካለችው የሳልቫጅ ልብስ ሱቄ ውስጥ፣ ከክምሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዷ ደንበኛ ካሳላት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "ከአንቺ በፊት ቤት ውስጥ ማን ታመመ?" ይሏታል።

"ኧረ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ሹራብ ልትገዛ ነው የመጣችው!"

"ትግዛ። እኔ የጠየቅኳት ሳሉን ከማን እንደገዛችው ነው።"

መንገዱ ጥቂት እንደተከፈተ፣ አገር ቤት ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ተቅማጥ ገባ ሲባል መጽሐፋቸውን አጥፈው ተነሱ።

"ሰው እየሸሸ ሲወጣ እርስዎ ይገባሉ?" ብዬ ሻንጣቸውን ያዝኩ።

"ከማን እንደጀመረ የሚጠይቅላቸው ሰው የለም" አሉና ሻንጣውን ከእጄ ወሰዱ።

እዚያው ታመው እዚያው ተቀበሩ። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር መርዶው የደረሰን ዘግይቶ ነው። ከእሳቸው በፊት ማን እንደታመመ የነገረን የለም።

ትናንት አንዲት የቆየች ደንበኛዬ እያሳላት ገባች። ባዶዋን በርጩማ አየት አደረገችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "መጀመሪያ የታመመችው እህቴ ናት" አለች።

እጄ ላይ የነበረውን ሹራብ ደጋግሜ አጣጠፍኩት።

ጋሼ፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን ነበር የሚጠይቁት?