በትከሻ የሄደችው ቤተ ክርስቲያን

ዘመኑ 1958 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ እንደ እናቴ አቆጣጠር ዘጠኝ፣ እንደ አባቴ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሁለቱም ሳይስማሙ ስለሞቱ ዘጠኝ ተኩል ብዬ ትቼዋለሁ። ይህን ያስነሳብኝ ባለፈው ሳምንት ከሆሳዕና መናኸሪያ በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ያገኘሁት ነገር ነው። የአጥቢያችን ወጣቶች የአሮጌዋን ቤተ ክርስቲያን ኮርኒስ ያወርዳሉ። ኮርኒሱ ሲወርድ ከላዩ ጥላሸት ተከትሎ ወረደ፤ የጥላሸት፣ የአሮጌ ሣር፣ የጧፍና የአይጥ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን መታኝና እግሬ ከዚያ ወዲያ አልሄድም አለ። ከመካከላቸው አናጢው ልጅ ወደ ላይ እያየ፣ "አባባ፣ ይቺን ቤት የሠራት ሰው ሰክሮ ነበር እንዴ? ክፈፉ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ ወጣ ያለው በሩ ላይ መሆን ሲገባው በር በሌለው ግድግዳ ላይ ነው" አለኝ።

"ሰክረው አይደለም፣ ስቀው ነው" አልኩት። አልገባውም። ቁጭ ብዬ ላስረዳው ስል ስልኩ ጮኸና ሄደ። ስለዚህ ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗ እዚህ ኮረብታው ላይ አልነበረችም። ከወንዙ ማዶ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ አውቶቡስ በሚያልፍበት አስፋልት ላይ ነበረች። ክብ ናት፣ ሣር ክዳን ናት፣ ትንሽ ናት፤ ዝናብ የመጣ እንደሆነ ግማሹ ምእመን ከውስጥ ግማሹ ከክፈፉ ሥር ተጠጋግቶ ነበር የሚያስቀድሰው። ያሠሯት ከሰሜን የመጡ መምህራንና የፍርድ ቤት ሰዎች ናቸው ይባላል፤ እንጨቱን የተሸከሙትና ጭቃውን የረገጡት ግን የእኛ አባቶች ናቸው። ቅዳሴው በግዕዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ፣ ውጭ ዛፍ ሥር የሚወራው ወሬ ደግሞ በሀዲይኛ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም በደንብ የምንከታተለው ሦስተኛውን ነው። ቄሱ መምሬ ደስታ ይባላሉ። ሀዲይኛቸው እንደ አንካሳ በቅሎ ነበር፤ ይሰናከላል እንጂ ካሰበበት ሳይደርስ አይቀርም።

በዚያ ዓመት የመንገድ ሥራ ሰዎች መጡና ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል እየተከሉ ሄዱ፤ አንዱን ችካል ልክ በሩ ፊት መቱት። በመጪው ሰኞ ግሬደር ይመጣል፣ በፊቱ ያገኘውን ይገፋል ተባለ። አዲስ ቤት እንዳይሠራ የክዳን ሣር የሚታጨድበት ወር አይደለም፣ እንጨቱም በአንድ ሳምንት አይደርስም። በእኛ አገር ግን ቤት ቦታው ካልተስማማው ይነሣል፤ የግድግዳው ጭቃ ይረግፋል፣ ቋሚው ከመሬት ይነቀላል፣ አግዳሚ እንጨት ይታሰርበትና መንደሩ ከነክዳኑ ተሸክሞት ይሄዳል። ጎጆ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ ግን ያየ አልነበረም። ለዚያ የታች ሰፈር ትከሻ ብቻ አይበቃም፤ የላይ ሰፈር ሰውም ያስፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር።

የታች ሰፈር ሰው አባቴን ሄራሞን ይሰማል። የላይ ሰፈር ሰው ደግሞ የአባቴን ታናሽ ወንድም ዶሎሶን ይሰማል። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ከአያቴ በወረሱት መሬት ላይ ባለች አንዲት የእንሰት ረድፍ ተጣልተው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ከዚህ ጫፍ ሌላው ከዚያ ጫፍ ነበር የሚቀመጡት። እኔም ከአጎቴ ልጅ ከኤርሲዶ ጋር እንዳልጫወት ተከልክዬ ነበር፤ በአንድ ወር የተወለድን፣ በአንድ ጀርባ የታዘልን ልጆች በአጥር ቀዳዳ ስንተያይ እንውላለን።

ቤቷ ቅዳሜ እንድትነሣ ተቆረጠና መምሬ ደስታ ሁለቱንም ለመኗቸው። አባቴ "እሱ ካለበት እኔ የለሁም" አለ። አጎቴም ያንኑ አለ፤ ግትርነቱ የዘር ነው፣ እኔም አለብኝ። በነጋታው ቄሱ ተመልሰው ግቢያችን መጡና ለአባቴ፣ "ዶሎሶ ጉልበቱን አሞት ተኝቷል፤ ሰዎቹን ይልካል እንጂ እሱ አይመጣም" አሉት። ከእኛ ቤት ወጥተው ወደ አጎቴ ዘንድ ወጡና ደግሞ፣ "ሄራሞ ቅዳሜ ሺንሺቾ ገበያ ሊሄድ ነው" አሉት። ዋሽቶ ማስታረቅ ያጸድቃል ይባላል፤ መምሬ ግን ገና አላስታረቁም፣ መዋሸታቸው ብቻ ነበር። እናቴና የአጎቴ ሚስት ምንጭ ላይ ተገናኝተው ነገሩን አገጣጠሙት። ሁለቱም ገብቷቸው፣ ሁለቱም እንስራቸውን አዝለው፣ ዝም ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ጧት ታቦቱ በጥላና በዝማሬ ወጥቶ ኮረብታው ላይ በተተከለው ድንኳን ገባ። ከዚያ ሰው መጣ፤ ስንት እንደነበር አላውቅም፣ የማውቀው ሣሩ ከእግር ብዛት አለመታየቱን ነው። እስላሙም መጣ፣ ጴንጤውም መጣ፣ የጉራጌ ባለሱቆቹም በራቸውን ዘግተው መጡ። አንድ ዲያቆን ተቆጣና፣ "መምሬ፣ ያልተጠመቀ ትከሻ ይሸከማታል እንዴ?" አለ።

"የመጀመሪያውን ጭቃ ስታቦኩ ውሃውን ያመላለሰው የማን አህያ ነበር?" አሉት።

"የጋሽ ከድር።"

"አህያውን ማን አጠመቀው? በል እንጨቱን ያዝ!"

ጋሽ ከድር ራሱ እዚያው ቆሟል። ቅቤ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከገበያ ዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ ቤት ሲነሣ ሰውን በቁመት በቁመቱ እያጣመረ የሚያሰልፈውና ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነበር። ረጅም ከአጭር ከተጣመረ ክብደቱ ሁሉ ረጅሙ ላይ ይወድቃል። እያጣመረ ዞሮ ዞሮ አንድ አግዳሚ ዘንድ ሲደርስ አባቴንና አጎቴን ፊት ለፊት አገኛቸው። ሁለቱም መምሬ ደስታን ፈለጉ፤ መምሬ ዛፍ ሥር ሆነው ዳዊት ይደግማሉ፣ ቀና አላሉም።

"ከዚህ ሰውዬ ጋር አልሸከምም" አለ አባቴ።

ጋሽ ከድር ከእግር እስከ ራስ አያቸው፤ በአንድ ቀንበር እንደሚውሉ በሬዎች እኩል ናቸው። "ሄራሞ፣ እንጨቱ ቁመት እንጂ ስም አይጠይቅም። ወይ ተሸከም፣ ወይ ሰው ሁሉ እያየህ ቤትህ ሂድ" አለው። አባቴን ሰው ሁሉ አየው። ጋቢውን አውልቆ አጣጠፈና ትከሻው ላይ አኖረው፤ አጎቴም እንደዚያው አደረገ።

"ሆ በሉ!" አለ ከድር። "ሆ!" ሲባል ቋሚዎቹ ከመሬት ሲነቀሉ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም፤ እንደ ትልቅ ጥርስ ነበር የተነቀሉት። እኛ ልጆች ተከልክለን ሳለ ከውስጥ ሆነን አብረን ሄድን። ከላይ ጨለማ ነው፣ ከታች ብርሃንና እግር ብቻ፤ ቤተ ክርስቲያኗ እንደ አባጨጓሬ እግር አውጥታ ትሄዳለች። ጥላሸቱ አይናችን ውስጥ ይገባል፣ እንሽላሊት ከክዳኑ ይወርዳል፤ አንዷ የዚያ የተቆጣው ዲያቆን አንገት ውስጥ ገባችና አግዳሚውን መልቀቅ ስለማይችል እየጮኸ ተሸከመ። ሴቶች ከኋላ እልልታውን ያቀልጡታል። ወንዙን ተሻገርን።

ዳገቱ መጨረሻ ላይ፣ ጉድጓዱ በክቡ ተቆፍሮ ከሚጠብቅበት ቦታ ስንቃረብ፣ ከድር "ወደ ቀኝ አዙሩ! በሩ ወደ ምዕራብ!" ብሎ ጮኸ። ሰው መዞር ሲጀምር አጎቴ የአባቴን እግር ረገጠ። አባቴ ከሦስት ዓመት በኋላ ለወንድሙ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ፦

"እግሬን! ድንበሬን የረገጥከው አልበቃ ብሎህ ዛሬ ደግሞ እግሬን?"

"እግርህም እንደ ድንበርህ ካለቦታው ገብቶ ነው!" አለ አጎቴ።

መጀመሪያ የሳቀው ከጎናቸው ያለው ሰው ነው። ከዚያ ሳቁ በአግዳሚው አልፎ ወደ ሌላው አግዳሚ ሄደ፤ ያልሰማው የሰማውን ይጠይቃል፣ ሰምቶ ይስቃል፣ ለሚቀጥለው ይነግራል። ቤተ ክርስቲያኗ በሰው ሳቅ ትንቀጠቀጥ ጀመር። አባቴን አየሁት፤ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነክሶ አይኑ እንባ ሞልቷል፣ አጎቴም ጥርሱን ገልጦ ፊቱን ወደ ጣራው አዙሯል። ከድር "አዙሩ! አዙሩ እናንተ!" እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ፤ ግን የሚስቅ ሰው ጉልበት የለውም፤ እንደመጣች አስቀመጧት። በሩ ሰሜንን አየ። ዳግመኛ የሚያነሣት አልተገኘም። የድሮውን በር ደፍነው በምዕራብ በኩል አዲስ በር ከፈቱ፤ ከድሮው በር በላይ ወጣ ብሎ የተሠራው ክፈፍ ግን እዚያው ሰሜን በኩል ቀረ። ኋላ ሣሩ ተነሥቶ በዚያው እንጨት ላይ ቆርቆሮ ሲመታም ማንም አልነካው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ የያዘው መንገደኛ፣ ከዶዮገና ጎመን ጭና የምትመጣ ሴት፣ ምጽዋት ጠያቂው ሁሉ የሚጠለለው እዚያ ነው።

ማታ እናቴ የአባቴን ትከሻ በቅቤ ስታሽ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ "ያ አህያ ወንድሜ ጉልበቱ አልቀነሰም።" እናቴ አቀርቅራ ፈገግ አለች። ስለ እርቅ ማንም ምንም አላለም፤ የእንሰቷም ረድፍ እስኪሞቱ ድረስ አልተወሰነላትም፤ እየተነጋገሩ ተከራከሩባት እንጂ።

ድሮ ሁሉ ደግ ነበር አልልም። ያኔ ከእኛ ሰፈር ስንት ልጅ ጤና ጣቢያ አጥቶ ሞቷል፣ ዛሬ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ከአሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን አዲሱን ሕንጻም አልጠላም፤ ብረቱን ክሬን ሲያነሣው ቆሜ አይቻለሁ፣ ያስደንቃል። ግን ክሬኑ ሲያነሣ ማንም ማንንም አልጠራም፣ ማንም የማንንም እግር አልረገጠም፤ ሰው አጥር ዳር ቆሞ በስልኩ አነሣውና ሄደ። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ግድግዳ ሲወድቅ ቀን ሠራተኛ እስኪገኝ ወድቆ ከረመ፤ እኔም ትከሻዬ ስላረጀ ቆሜ አየሁት። ዛሬ ሰው የሚተዋወቀው በስም ነው፤ ከየትኛው ሰው ጋር በቁመት እኩል መሆኑን የሚያውቅ አላገኘሁም። አባቴም፣ አጎቴም፣ ጋሽ ከድርም፣ መምሬም አልፈዋል፤ ኤርሲዶም አምና አለፈ።

ቤተ ክርስቲያኗን በተሸከሟት ማግስት ጧት ግን ሁሉም ነበሩ። ማንንም ሳላስፈቅድ ወጣሁ። አባቴ እንሰቱ ውስጥ ሆኖ አየኝ፤ ወዴት ነው አላለኝም፣ ጎንበስ ብሎ ቅጠል መቁረጡን ቀጠለ። በአጎቴ ደጃፍ ቆሜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በአጥር ቀዳዳ በቀስታ ስጠራው የኖርኩትን ስም አገር እስኪሰማ ጮኼ ጠራሁት።