ምንሽሩን ለምን እንደመረጥሁ

ለድኩላ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል እያላችሁ ስትጨቃጨቁ ሰማኋችሁ። ስለ ጠመንጃ የምታወሩት እንደ ፈረስ ነው፤ የሚፈጥነውን ታወድሳላችሁ። እኔም እንደናንተው ነበርሁ። ዝም በሉና ስሙኝ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። አጎቴ አያ ታከለ ከቢቸና ቁልቁል፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ሽምብራ ዘርተው ነበር። አንድ አውራ ድኩላ ከገደሉ እየወጣ እሸቱን ጨረሰው። ሦስት ሆነን ልናድነው ወረድን፤ አያ ታከለ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ባል ውበቱ። ውበቱ የሞጣ ልጅ ነው። ወታደር ቤት ቆይቶ የመጣ ስለሆነ የያዘው ጠመንጃ ቃታው በተሳበ ቁጥር ራሱ የሚያጎርስ ነው። የአያ ታከለ ግን ምንሽር ነው፤ አምስት ይጎርሳል፣ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ ካላቀባበሉት ዱላ ነው።

«እንኪ፣ የኔን ያዢ» አለኝ ውበቱ። «አንቺ እስክታቀባብዪ ድኩላው ሞጣ ይደርሳል።»

«ሞጣ ከደረሰማ ዘመዶችህ ይቀበሉታል» አልሁት።

አያ ታከለ ሳቁና ምንሽሩን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የተቀበልሁት በእልህ እንጂ በእውቀት አይደለም። ልቤ የውበቱ ጠመንጃ ላይ ነበር።

ኮቴውን ከሽምብራው ጫፍ አገኘነው። ሹል ነው፤ ጠርዙ ገና አልደረቀም፤ ወደ ቁጥቋጦው ይገባል። ፀሐይ ሞቅ ብላ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ እስኪዞር ድረስ ድንጋይ ተከልለን ጠበቅን፤ ያለዚያ ጠረናችን ይቀድመን ነበር። መጀመሪያ ጆሮው ታየኝ፣ ቀጥሎ ቀንዱ። ስድሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰደፉን ከትከሻዬ አጣብቄ ቃታውን ሳብሁ። ድኩላው ባለበት ዘጭ አለ።

አያ ታከለ ቢላዋቸውን መዝዘው ሮጡ። ነፍሱ ሳትወጣ ካልተባረከ ሥጋው አይበላም፤ ሴት ደግሞ አታርድም። ስለዚህ እኔ ከጣልሁ መሮጥ ያለባቸው እሳቸው ናቸው። የራሳቸው መሣሪያ በኔ እጅ ነው። እኔስ ምን አደርጋለሁ? ቆሜ እስቃለሁ! «አየህ አይደል?» እላለሁ ለውበቱ። የተኮስሁት ቀለህ ገና ከምንሽሩ ውስጥ ነው።

ጥይቴ አከርካሪውን ጨርፎ አደንዝዞት ኖሯል እንጂ አልገደለውም። አያ ታከለ ቀንዱን ይዘው «በስመ አብ» ሲሉ ብድግ አለ። የቆሰለ አውራ ድኩላ እንደ ፍየል ነው የሚል ካለ ይምጣና የአጎቴን ጭን ይመልከት። ቀንዱን ሰካባቸው። ቢላዋው ወደቀ። በሁለት እጃቸው ቀንዱን ጨብጠው በጀርባቸው ይንሸራተታሉ፤ እሱ ወደ ገደሉ ይገፋቸዋል።

አነጣጥሬ ሳብሁ። ቃታው ላላብኝ። አላቀባበልሁትም።

ውበቱ ተኮሰ፤ ወዲያው ደገመ። አንዱ ጥይት ከአያ ታከለ ራስ አጠገብ ድንጋይ ፈነቀለ።

«አንተ! የምትተኩሰው በኔ ነው በሱ?» ብለው ጮኹ።

የውበቱን አፈሙዝ ወደ ሰማይ ገፍቼ ሮጥሁ። እየሮጥሁ አቀባበልሁ፤ ቀለሁ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ አዲሱ ጥይት ሲገባ በመዳፌ ተሰማኝ። ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ቆምሁ። ከሩጫው ይልቅ መቆሙ ከበደኝ። ድኩላውና አጎቴ አንድ ላይ ተጠላልፈዋል፤ ከጀርባቸው ያለው አየር ብቻ ነው። ትንፋሼን ያዝሁ። ድኩላው ሊወጋ ራሱን ወደ ኋላ ሲስብ ጎኑ ተገለጠልኝና ተኮስሁ።

እግራቸው ላይ ወደቀ። በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም፤ መጀመሪያ አቀባበልሁ።

ጭናቸውን በመቀነቴ ጠፍሬ አሰርሁት። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ሳይባረክ ሞተ እኮ። ያን ሁሉ ሥጋ ለአሞራ ሰጠሽው» አሉኝ።

«አንቱን ከምሰጠው ይሻላል» አልሁ።

ውበቱ አዝሏቸው ዳገቱን ወጣ። እቤት እስክንደርስ ስለ ሞጣ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እንግዲህ ከጠየቃችሁኝ፣ ለድኩላ ምንሽር ነው። የውበቱ ጠመንጃ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ይፈጥናል። ግን ጎርሶ ይሁን አልቆበት፣ ቢላዋ ይዞ ፊት ለሚሄደው ሰው አይናገርም። ምንሽር ሲቀባበል ድምፁ ይሰማል።

አያ ታከለ ዛሬ ያነክሳሉ፤ አደኑን ግን አልተዉም። እኔ ተኩሼ ስጥል ቢላዋቸውን ይመዙና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቆማሉ። አቀባብላለሁ። እንደሰሙ አውቃለሁ።

«አልሰማሁም» ይላሉ።

ደግሜ አቀባብላለሁ፤ ያልተተኮሰው ደህና ጥይት ተስፈንጥሮ መሬት ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ይሄዳሉ።