በስቅለት የደረብኩት ብርድ ልብስ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የሰናይት ልጅ ትኩሳት ያዘው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ኳስ ሲያሳድድ ውሎ ነበር። እኔ የተዋስኩትን ወንፊት ልመልስ ብዬ ብገባ፣ ሰናይት መስኮቱን ዘግታ ልጁን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላ አገኘኋት። «ምች ነው፤ ካላላበው አይለቀውም» አለችኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ብርድ ልብሱን ገፍፌ ወለሉ ላይ ጣልኩት። ሰናይት ተቀየመችኝ። አልፈርድባትም፤ ሰው ቤት ገብቶ የሰው ልጅ መግለጥ ነውር ነው። ጨርቅ ነክሬ ግንባሩን እያበስኩ፣ ምክንያቱን ልንገርሽ አልኳት።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ነው፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዐማራት በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማደሪያዬ ግን ሳጃና ሰፈር፣ ሐጃ ዘይነብ የሚባሉ ሱዳናዊት ግቢ ውስጥ ከትርንጎ ጋር የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረች። ትርንጎ የጎንደር የሰፈሬ ልጅ ናት፤ መተማን አብረን ነው የተሻገርነው። እናቷ ስትሸኘን እጄን ይዛ «አደራሽን፣ ታናሽሽ ናት» ብላኛለች። አደራ ሰውን ያኮራል፤ አንዳንዴም ያጃጅላል።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጾማል። የሚያዝያ ሙቀት ነው፤ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ ነፋሱ ሲመጣ ፊትን ይለበልባል። ወደ ማታ ሰዉ ሁሉ በረዶውን በጆንያ ጠቅልሎ ለማፍጠሪያ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። እኔ ያቺን ሰዓት እወዳት ነበር፤ ከተማው በሙሉ አንድ ነገር የሚጠብቅ ቤተሰብ ይመስላል።

በስቅለት ዕለት ትርንጎ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፀሐይ ላይ እንደ ልማዷ ከሰው ሁሉ አስበልጣ ሰገደች። ከሐሙስ ጀምሮ ውሃ በአፏ አልዞረም። ስምንት ሰዓት ገደማ ራሴን አመመኝ፣ በረደኝ አለችኝ። በዚያ ሙቀት በረደኝ ማለቷ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከእኔ ወዲያ ላሳር የምል ሰው ነበርኩና ምች ነው አልኩ። ቤት ወስጄ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ከአገር ቤት ባመጣሁት ዳማከሴ አፍንጫዋን አሻሽቼ፣ ከጎንደር ይዤው የመጣሁትን ብርድ ልብስ ደረብኩባት። እናቴ የምታደርገው እንዲህ ነበር። እሷ ያደረገችው ደጋ ላይ መሆኑ ግን አልታየኝም። ላቧ ሲወጣ ይለቃታል ብዬ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ላብ አልመጣም። ቆዳዋ ደርቆ ጋለ፤ ከዚያ በሌለች ላም ላይ ትቆጣ ጀመር። ያን ጊዜ ጮህኩ።

ሐጃ ዘይነብ ሮጠው ገቡ። ትርንጎን አንዴ ዳስሰው ብርድ ልብሱን ገፈፉና ከዚራቸው፣ ከሸክላው የውሃ ጋን፣ እየቀዱ ደፉባት። ለማፍጠሪያ የገዙትን በረዶ ሰባብረው ብብቷ ሥር አደረጉ። እሳቸው ራሳቸው ከንጋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ከዚያ ያንኑ ብርድ ልብሴን ውሃ ውስጥ ነክረው አለበሷትና «ያላ ያ ቢቲ፣ በይ ልጄ፣ እግሯን ያዢ» አሉኝ። በጎረቤት ቦክሲ፣ ከኋላው ክፍት በሆነች መኪና፣ ጭነን ሐዋዲስ ወደሚሉት የድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። በመንገድ ላይ ነፋሱ እርጥቡን ብርድ ልብስ ሲመታው ገላዋ በረድ ሲል በመዳፌ ተሰማኝ።

ሆስፒታሉ የሰፈር ሆስፒታል ነው። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ሐጃ ሌላ በረዶ ፍለጋ ወጡ። አንድ ወጣት ሐኪም መጣና ማላሪያ ይሆናል፣ ደሟ ይመርመር አለ፤ ካርቱም ውስጥ ለትኩሳት ሁሉ መጀመሪያ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን አድርጋችሁላት ነበር ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንም» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ብናገር ይቆጣኛል፣ ፖሊስ ይጠራብኛል፣ እናቷም ትሰማለች ብዬ ፈራሁ። ትርንጎን አየኋት፤ ዓይኗ ተከፍቶ ማንንም አያይም።

«ፀሐይ ላይ ስትሰግድ ዋለች፤ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልጠጣችም» አልኩት በተሰባበረው ዐረብኛዬ። «እኔ ደግሞ በብርድ ልብስ ሸፈንኳት። መስኮቱንም ዘጋሁት።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ወዲያው ነርሷን ጠርቶ በረዶና ማራገቢያ አስመጣ፤ እነሱ ደሪብ የሚሉትን ግሉኮስ በሁለቱም ክንዷ ሰቀሉላት። የደሙን ውጤት አልጠበቀም። ሥራው ጋብ ሲልለት «ባትነግሪኝ ኖሮ ውጤት ስጠብቅ ታመልጠኝ ነበር» አለኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አዛን ተሰማ። ሐኪሙ አንዲት ተምር አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ ትኩሳቷን መለካቱን ቀጠለ። ደጅ ምንጣፍ ተነጥፎ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይጋበዛል። ሐጃ አንድ ሳህን በሊላ ይዘውልኝ መጡ፤ ዘይት የሌለው የተቀቀለ ሽምብራ ነው። የሐሙሱ ጉልባናችን መሰለኝና አለቀስኩ።

ትርንጎ ነፍስ የዘራችው ከዚያ በኋላ ነው። ደሪቡን ሽቅብ አይታ በደከመ ድምፅ «ይኼ ጾም ያስፈታል?» አለችኝ። ለሐጃ ተረጎምኩላቸው። እስኪደክማቸው ሳቁ።

«ወላሂ፣ እኛም በየረመዳኑ ሼኩን የምንጠይቀው ይኼንኑ ነው» አሉ።

ሐጃ ካረፉ ቆይተዋል። ትርንጎ ጦርነቱ ሲነሣ ከካርቱም ወጥታ ነበር፤ አሁን ተመልሳ ሳጃና ሻይ ቤት ከፍታለች። እኔ ጎንደር ከገባሁ ወዲህ ይኼን ታሪክ ለስንቱ አውርቼዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ የሐጃን ብልሃት አወራለሁ እንጂ ብርድ ልብሱን የደረበው ማን እንደሆነ እዘለው ነበር። ሰው ያዳኑትን ማውራት ይቀለዋል። ያን ቀን ትርንጎን ያተረፈው ግን በረዶው ብቻ አልነበረም፤ አፍሬ ልውጠው የነበረው ቃልም ጭምር ነው። ለሰናይት አልዘለልኩትም፤ የሸፈንኳት እኔ ነኝ አልኳት።

ሰናይት ነጠላዋን አንሥታ ልጁን አቀፈችና አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጁ ዛሬ ድኖ ኳሱን በአጥሬ ላይ ሲለጋ ይውላል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ከመምጣታችሁ በፊት ምን አድርጋችሁለት ነበር?» ብላ የጠየቀችበት ሰዓት አይረሳኝም። ሰናይት አንዴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት።