እትዬ ዘነበች የገሠጿት ባጅ

ትናንት ጠዋት በፒጃማ፣ እዚህ የምኖርባት ሽሊረን ከተማ ውስጥ የሰፈር ቆሻሻ ስበረብር ጎረቤቶቼ አይተውኛል... ከምታማ ራሴው ላውራው።

ስንት ወር ሥራ ፈልጌ የገባሁት ኒውክሌር ማመንጫ ጽዳት ነው። በዓመት አንዴ ለጥገና ሲቆም ተጨማሪ ሰው ይቀጥራሉ። እዚያ ሁላችንም ጨረር የምትለካ ትንሽ ባጅ ደረታችን ላይ እንሰካለን። ያለሷ መግባት የለም፤ ስንወጣም እዚያው ትተናት ነው። አርብ ዕለት ግን ባቡር እንዳያመልጠኝ ስሮጥ እንደተሰካች ይዣት መጣሁ።

ቤት ደግሞ አክስቴ እትዬ ዘነበች ከጄኔቫ ሊጠይቁኝ መጥተዋል። ዲፕሎማት ቤት ምግብ ያበስላሉ። ጴንጤ ናቸው፣ ያውም አጋንንት ሲገሥጹ ፎቁ የሚሰማቸው።

«ይሄ ደረትሽ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ለሥራ ነው እትዬ፤ በዓይን የማይታይ ነገር አለ... ለሱ ነው» ብዬ ሻወር ገባሁ። በቃ፣ ጥፋቴ ይቺው ናት።

ትናንት ሸሚዜን ሳነሳ ባጇ የለችም።

«እትዬ፣ ያቺን ትንሽ ነገር አይተዋታል?»

«በኢየሱስ ስም ገሥጬ ጣልኳት! ጌታን የሚያውቅ ሰው ክታብ ያደርጋል? ያውም አውሮፓ ተቀምጦ!»

ክው አልኩ። በዚያው ቅጽበት የቆሻሻ መኪናው ድምፅ ከታች ተሰማኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ። ላስቲካችንን ቀድጄ ስጎረጉር የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ሾፌሩ እጁን አጣምሮ ያየኛል።

ሥራ ቦታ የጨረር ደህንነት ኃላፊዋ «ከአርብ ጀምሮ የት ነበረች?» አለችኝ። «መሳቢያ ውስጥ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር... በዚህ ውሸት ከተባረርኩ ግን ማን ድጋሚ ይቀጥረኛል? እውነቱን ዘረገፍኩት፣ ከነሽንኩርቱ።

ትክ ብላ አየችኝ።

«ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የከተቷት አሉ» አለች፤ «ሰይጣን ያስወጣላት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ሳቋን ለቀቀችው። ባጇን ለምርመራ ወስዳ ሌላ ሰጠችኝ፣ ስለተናገርኩም አመሰገነችኝ። ከደስታዬ የተነሳ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

ማታ እትዬ ጄኔቫ ሲገቡ ደወሉ። «ያቺን ነገር ድጋሚ አደረግሻት?»

«ክታብ አይደለችም እኮ እትዬ። እኔን አትጠብቅም፤ ጨረር ከነካኝ ትናገራለች፣ በቃ።»

«ታዲያ አንቺን ማን ይጠብቅሻል?»

ስለ ግድግዳው ውፍረት፣ ስለ ሥልጠናው ልነግራቸው አስቤ ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት አዲሷን ስሰካ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ጸለይኩ... እሷማ አሳባቂ እንጂ ጠባቂ አይደለችም።