የሞፈር ጠፍርና የነርቭ ሽፋን

ዛሬ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔው በእጄ እንዳለ ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣልኝ።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ደጋፊ ሴሎች በነርቭ ክር ላይ እየዞሩ እንደሚሸፍኑት፣ መልእክቱም በዚያ ሽፋን የተነሳ እንደሚፈጥን እያስረዳሁ ነበር። (ሰሌዳው ላይ የሣልኩት ነርቭ ሸንኮራ አገዳ ነው የሚመስለው፤ እሱን ተዉት።)

ከስማዳ ገጠር የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሞፈር ሲሰነጠቅ በጠፍር እንደሚጠቀለለው ነው?» አለችኝ።

ገበሬው አባቴ፣ አባየ፣ ትዝ አለኝ። የተሰነጠቀ ሞፈር በእርጥብ ጠፍር ይጠቀልልና፣ «ሲደርቅ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል» ይል ነበር።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ጠፍሩ ግን የበሬ ቆዳ ነው። ሴሉ የሚጠቀልለው በገዛ ገላው ነው።»

ይህን ስል የአባየ ጋቢ ፊቴ ላይ መጣ።

ንፋስ መውጫ ከተማ ልማር ስመጣ አባየ የለበሰውን ጋቢ አውልቆ ለእኔ ደረበልኝ። እሱ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ወደ ቤት ተመለሰ። ፊደል አልቆጠረም። ሴሉም እንደዚያው ነው፤ መልእክቱ ፈጥኖ እንዲያልፍ ያደርጋል እንጂ አንዲቷንም ቃል አያውቃትም።

ዛሬ ቢኖር ኖሮ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ይቺን ትምህርት ባሰማሁት ነበር።

እናንተንስ በገዛ ገላው ጠቅልሎ ያሳለፋችሁ ማን ነው? ስሙን እዚህ ጻፉት፤ እሱ ባያነበውም።