ሐያት፣ እኔና ኮምፓይለሩ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሼ ከድር ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀብለው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። «አንተ ፕሮግራሙን ጻፍ፤ ለብሎኑ ሰው አለ» አሉኝ። ዱባይ ተራ ባለው ሱቃቸው ፊደል የሚሮጥባቸውን የመብራት ማስታወቂያዎች እንሠራ ነበር።

እኛ የምንጽፈውን፣ ማስታወቂያው ውስጥ ሆኖ መብራቶቹን የሚያዘው ቺፕ አያነበውም። ኮምፓይለር የሚባለው ፕሮግራም ነው ጽሑፋችንን ቺፑ ወደሚፈጽማቸው ትእዛዞች የሚቀይረው።

ሐያት ከእኔ በኋላ ተቀጠረች። የእኔ ፕሮግራም ቺፑን ሲሞላው የእሷ ቦታ ይተርፈዋል። ጋሼ ደንበኛ ፊት «የሐያት እጅ ነው» ሲሉ አንጀቴ ያርር ነበር። ሳቋ ሳይቀር ያናድደኛል።

አንድ ቀን ሰባተኛ አካባቢ አዲስ ሱቅ የሚከፍቱ የጨርቅ ነጋዴ፣ እትዬ ዘነበች፣ ማስታወቂያ አዘዙ። ጋሼ ለእኔ ሰጡኝ። «ይሄን ካሳመርክ የፕሮግራም ክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህ» አሉ።

ሐያት ኮምፓይለሩን «አሳጥር» ብላ እንደምታዘው በትከሻዋ በኩል አይቼ ነበር። እኔም አዘዝኩት። ፕሮግራሜ በግማሽ አነሰ። ጠረጴዛችን አንድ ስለሆነ፣ እንዳታይብኝ ብዬ ሳልሞክረው ቺፑ ላይ ጫንኩት።

በመክፈቻው ዕለት ሲበራ ፊደሎቹ በረሩ። የሚታየው ቀይ ብልጭታ ብቻ ነው።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄን ማን ያነበዋል?» አሉ እትዬ ዘነበች።

ጋሼ ከድር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ሐያትን ጠሩ። ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ኮምፓይለሩ ያወጣቸውን ትእዛዞች አየች።

«ፊደሉ ቀስ እንዲል ምን አድርገህ ነበር?»

«ባዶ ዙር ነዋ። ዝም ብሎ እየቆጠረ እንዲያቆየው።»

«እሱን እኮ ነው ያጠፋው። አሳጥር ካልከው፣ ቆጥሮ ምንም የማይሠራ ነገር ለምን ያስቀምጥልሃል? የቺፑን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀም።»

እዚያው አስተካከለችው። ፊደሎቹ ረጋ ብለው ማለፍ ጀመሩ፤ እትዬ ዘነበችም እልል አሉ። ስንመለስ ሐያት «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለችኝ። ከሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊ የሆነችው እሷ ናት። አሁንም እቀናባታለሁ፤ አልዋሽም።

ለጀማሪዎች የምለው አጭር ነው። ኮምፓይለሩን አሳጥር ካላችሁት ያሳጥራል፤ ያወጣውን ሳታዩ አትጫኑ። የምትቀኑበት ሰው አጠገባችሁ ከተቀመጠ ደግሞ እየቀናችሁም ቢሆን ጠይቁት።